ጠመንጃ ራሱን በራሱ የሚያጎርሰው በምን ኃይል ነው?

የኒውተንን ሦስተኛ ሕግ የተማረ ሁሉ የጠመንጃን ርግጫ ምሳሌ ያስታውሳል። ጥይቱ ወደፊት ይወነጨፋል፤ ጠመንጃው ወደኋላ ይገፋል። መምህሩ በሰሌዳው ላይ ሁለት ተቃራኒ ቀስቶችን ይስላሉ፤ ቀመሩ ይጻፋል፤ ትምህርቱም ወደሚቀጥለው ርዕስ ያልፋል። ወደኋላ የሄደው ቀስት ከዚያ በኋላ ምን እንደሚሆን ግን ብዙ ጊዜ አይነገርም። በተኳሹ ትከሻ ላይ አርፎ ሕመም ብቻ ሆኖ ይቀራልን? ወይስ አንድ ቁም ነገር ሊሠራ ይችላል?

በአሜሪካ የዩታ ግዛት፣ በኦግደን ከተማ ይኖር የነበረው ጠመንጃ ሠሪ ጆን ሞሰስ ብራውኒንግ እ.ኤ.አ. በ1898 ገደማ ለዚህ ጥያቄ በብረት የተሠራ መልስ ሰጠ። ርግጫው ባዶውን ቀለህ አውጥቶ አዲስ ጥይት የሚያጎርስበትን የአደን ጠመንጃ ነደፈ። ተኳሹ ለእያንዳንዱ ተኩስ ቃታውን ዳግም መሳብ አለበት፤ የቀረውን ሥራ ግን መሣሪያው ራሱ ያከናውናል። ከፊል አውቶማቲክ የሚባለውም ለዚህ ነው። ከብራውኒንግ ወዲህ ሌሎች መሐንዲሶች ለዚያው ጥያቄ ሁለት ሌሎች መልሶችን አግኝተዋል። በዚህ ጽሑፍ ሦስቱን እናነጻጽራለን፤ አዳኞች በእነዚህ መሣሪያዎች ላይ የሚያደርጓቸው ለውጦች በፊዚክስ ዓይን ምን ትርጉም እንዳላቸውም እንመረምራለን። የጥገና መመሪያ ለመስጠት አልተነሣንም። የምንጠቅሳቸው ለውጦችም ሠሪዎቹና ሕጉ የሚፈቅዷቸው ብቻ ናቸው።

ጥቂት ስሌት

የምንነጋገርበት መሣሪያ በተለምዶ ሾትገን የሚባለው ነው። አንድ ነጠላ ጥይት በመተኮስ ፈንታ በአንድ ቀለህ ውስጥ የታጨቁ በርካታ ትናንሽ ክብ ፍሬዎችን በአየር ላይ ይበትናል፤ ስለዚህ በበረራ ላይ ያለ ወፍ ለማደን ይመረጣል። የቱቦው ስፋት የሚነገርበት መንገድ እንግዳ ነው። «12 ጌጅ» ማለት በቱቦው ልክ ከተሠሩ የእርሳስ ድቡልቡሎች 12ቱ በድምር አንድ ፓውንድ፣ ማለትም 453.6 ግራም፣ ይመዝናሉ ማለት ነው። የእርሳስ እፍግታ በኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር 11.34 ግራም መሆኑን የሚያውቅ ተማሪ የቱቦው ዲያሜትር 18.5 ሚሊ ሜትር መሆኑን በራሱ ሊያሰላ ይችላል። 20 ጌጅ ሲባል ደግሞ ቁጥሩ ቢያድግም ቱቦው ይጠብባል፤ 15.6 ሚሊ ሜትር ይሆናል።

አንድ የተለመደ የ12 ጌጅ ጥይት 32 ግራም ፍሬ በ400 ሜትር በሰከንድ ያወነጭፋል እንበል። ፍሬው ብቻውን 12.8 ኪሎ ግራም ሜትር በሰከንድ ሞመንተም ይይዛል። ፍሬውን የሚሸከመው የፕላስቲክ ኩባያና ከአፈሙዙ በከፍተኛ ፍጥነት የሚወጣው የባሩድ ጋዝ በየፊናቸው አንድ አንድ ያህል ይጨምራሉ። ድምሩ ወደ 15 ይጠጋል። ጠመንጃው 3.2 ኪሎ ግራም ቢመዝን፣ የሚያግደው ትከሻ ባይኖር ኖሮ በ4.6 ሜትር በሰከንድ ገደማ ወደኋላ ይሄድ ነበር። ይህም 34 ጁል ያህል ኢነርጂ ነው። መዝጊያውን ለመክፈት፣ ባዶውን ቀለህ ለመወርወርና አዲሱን ለማጉረስ ከዚህ ጥቂቱ ይበቃል። ችግሩ እንዴት ይወሰድ የሚለው ነው። ፍሬው በቱቦው ውስጥ የሚቆየው ለ3 ሺኛ ሰከንድ ያህል ብቻ ቢሆንም፣ በዚያች ቅጽበት የሚኖረው የጋዝ ግፊት እጅግ ከባድ ነው። መዝጊያው በዚያን ጊዜ ቢከፈት ተኳሹን ይጎዳዋል። ስለዚህ ማንኛውም ዘዴ ኢነርጂውን መውሰድ ብቻ ሳይሆን ግፊቱ እስኪበርድ መታገሥም ይኖርበታል።

ቱቦው ራሱ ሲንቀሳቀስ

የብራውኒንግ መልስ ቱቦውንና መዝጊያውን አንድ ላይ ቆልፎ ሁለቱም በጠመንጃው አካል ውስጥ ወደኋላ እንዲንሸራተቱ ማድረግ ነበር። ጉዟቸውን ሲጨርሱ መዝጊያው በኋላ ተይዞ ይቀራል፤ ቱቦው በሞላው ተገፍቶ ወደፊት ይመለሳል፤ ቀለሁ በመካከል ተላቆ ይወጣል፤ ከዚያ መዝጊያው አዲሱን ጥይት እየገፋ ይከተላል። ይህ ሁሉ ዓይን ሳይጠቅስ ያልቃል።

የዚህ ጠመንጃ የንግድ ታሪክ ለብቻው ሊነገር የሚገባው ነው። ብራውኒንግ ለብዙ ዓመታት ንድፎቹን በአንድ ጊዜ ክፍያ ይሸጥለት የነበረው የዊንቸስተር ኩባንያ በዚህኛው ላይ ከእርሱ ጋር አልተስማማም፤ ሠሪው በእያንዳንዱ በተሸጠ ጠመንጃ ድርሻ እንዲከፈለው ጠየቀ፤ ኩባንያው እምቢ አለ። ወደ ሬሚንግተን ኩባንያ ቢሄድ ፕሬዚዳንቱ ማርሴለስ ሃርትሊ እ.ኤ.አ. በጥር 1902 በድንገት ሞቱ። በመጨረሻ አትላንቲክን ተሻግሮ በቤልጅየም ኤርስታል ከሚገኘው ፋብሪክ ናሲዮናል ጋር ተስማማ። «አውቶ-5» የተባለው ጠመንጃ ምርቱ በዚያ ተጀምሮ እስከ 1990ዎቹ መጨረሻ ቆይቷል። ይኸው ፋብሪካ በ1930ዎቹ ለኢትዮጵያ ሠራዊት ማውዘር ጠመንጃዎችን ሸጧል፤ በአገራችን ፉከራና ቀረርቶ የሚወሳው «በልጅግ»ም ስሙን ያገኘው ከዚህችው አገር ነው።

ዊንቸስተርም ቆይቶ የራሱን ለመሥራት ሲነሣ የብራውኒንግ ፓተንት መንገዱን ዘጋበት፤ መዝጊያውን በእጅ የሚስቡበት እጀታ እንኳ ማድረግ አልቻለም። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ1911 ያወጣው ሞዴል ቱቦውን ራሱን ወደኋላ በመግፋት እንዲከፈት ሆኖ ተሠራ። በዚያን ዘመን ቀለህ የሚሠራው ከወረቀት ነበር፤ እርጥበት ሲያገኘው ያብጣል፤ ይጣበቃል። ተኳሾች ሰደፉን መሬት ላይ ተክለው፣ አፈሙዙን ወደ ራሳቸው አዙረው በሁለት እጅ ቱቦውን ወደታች ሲገፉ ጥይቱ የሚባርቅበት ጊዜ ነበር። ጠመንጃው «ባል ገዳይ» የሚል መንፈስ ያለው የቅጽል ስም ወጣለት። በሕግ ክርክር ምክንያት የተቀየረ አንድ እጀታ የሰው ሕይወት እንዴት እንዳስከፈለ ልብ ይሏል።

አውቶ-5 ባለቤቱ ራሱ እንዲያስተካክለው ሆኖ የተሠራ ነው። በካዝናው ቱቦ ላይ የግጭት ቀለበቶች ይገኛሉ። ለከባድ ጥይት ቀለበቶቹ ቱቦውን አጥብቀው እንዲይዙ ይደረደራሉ፤ ለቀላል ጥይት ደግሞ እንዲለቁ ይለወጣሉ። ፊዚክሱ ግልጽ ነው፤ ግጭት ትርፉን ኢነርጂ ወደ ሙቀት ይለውጣል። ለቀላል ጥይት በተደረደረ ቀለበት ከባድ ጥይት የሚተኩስ ሰው ቱቦውን በእያንዳንዱ ተኩስ ከጠመንጃው አካል ጋር እያላተመ ነው፤ የፊት እንጨቱ ሲሰነጠቅ ብዙዎች ጥፋቱን የእንጨቱ ያደርጉታል። በተቃራኒው ደግሞ ለከባድ በተደረደረ ቀለበት ቀላል ጥይት ሲተኮስ ጠመንጃው ቀለሁን ሳይተፋ ይቀራል።

ጋዙን መስረቅ

ሁለተኛው መልስ ርግጫውን ትቶ ወደ ምንጩ ይሄዳል። በቱቦው ጎን ትናንሽ ቀዳዳዎች ይበሳሉ፤ ፍሬው አልፏቸው ሲሄድ ከባሩዱ ጋዝ ጥቂቱ በቀዳዳዎቹ ገብቶ ፒስተን ይገፋል፤ ፒስተኑም መዝጊያውን ይከፍታል። እ.ኤ.አ. በ1963 የወጣው «ሬሚንግተን 1100» ይህን ዘዴ ለብዙኃኑ አዳኝ ያስተዋወቀ ነው።

የጋዝ ጠመንጃ «ርግጫው ለስላሳ ነው» ይባላል። አነጋገሩ እውነት ነው፤ ማብራሪያው ግን ብዙ ጊዜ ስሕተት ነው። ፍሬውና ጋዙ ወደፊት ይዘውት የሚሄዱት ሞመንተም እስካልተለወጠ ድረስ ትከሻ የሚቀበለው ድምር ሞመንተም አይቀንስም፤ የኒውተን ሕግ ለማንም ብሎ አይታጠፍም። የሚለወጠው ጊዜው ነው። ለአብነት ያህል 15 ኪሎ ግራም ሜትር በሰከንድ ሞመንተም በ10 ሺኛ ሰከንድ ውስጥ ትከሻ ላይ ቢያርፍ አማካይ ኃይሉ 1,500 ኒውተን ይሆናል፤ በ15 ሺኛ ሰከንድ ቢያርፍ 1,000 ኒውተን። የፒስተኑና የመዝጊያው ወዲያና ወዲህ መሄድ ርግጫውን በጊዜ ይዘረጋዋል። በሰደፉ ጫፍ የሚለጠፈው የጎማ ትራስም የሚሠራው ይኸንኑ ነው። በእኛ ግምት ከለውጦች ሁሉ ርካሹና ትርፋማው ይህ ትራስ ነው።

የጋዝ ዘዴ ዕዳው ጥቀርሻ ነው። በቀዳዳዎቹ የሚገባው ጋዝ ንጹሕ ስላልሆነ ፒስተኑ ላይ ካርቦን ይከማቻል፤ ብዙ ጊዜ ያልተጸዳ ጠመንጃ በብርድ ጠዋት ይሰንፋል። የቀዳዳዎቹ ስፋትም ለተወሰነ የጥይት ዓይነት የተለካ ነው። ቀዳዳውን ማስፋት ጠመንጃው ቀላል ጥይትን እንዲያስተናግድ ያደርገዋል፤ ከባዱን ሲተኩስ ግን መዝጊያው ከልክ ባለፈ ፍጥነት ወደኋላ እየተወረወረ አካሉን ይደበድባል። ኋላ የተሠሩ ጠመንጃዎች ትርፉን ጋዝ ወደ ውጭ የሚለቅ ቫልቭ ስለሚኖራቸው ይህን ችግር በአብዛኛው አስወግደዋል።

ኢነርሺያ

ሦስተኛው መልስ በእኛ አስተያየት ከሁሉም የረቀቀው ነው። ሐሳቡ በሃያኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በስዊድናዊው ሾግረን ጠመንጃ ላይ ታይቶ ነበር፤ ወደ ሰፊ ገበያ የደረሰው ግን ጣሊያናዊው ብሩኖ ቺቮላኒ ንድፉን ለቤኔሊ ኩባንያ ካመጣ በኋላ ነው። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ1967 በኡርቢኖ ተመሠረተ፤ መሥራቾቹም በሞተር ብስክሌት የታወቁት የቤኔሊ ቤተሰብ ነበሩ።

እስቲ አንድ አውቶቡስ በድንገት ወደፊት ሲነሣ ቆሞ የሚጓዘውን ሰው እናስብ። አውቶቡሱ ሄደ፤ ሰውየው ግን በነበረበት ለመቆየት ይሻል፤ ስለዚህ ወደኋላ የተወረወረ ይመስላል። በቤኔሊ ጠመንጃ ውስጥ «ቆሞ የሚጓዘው» የመዝጊያው ከባድ ክፍል ነው። ከፊቱ ካለው ከተቆለፈው የመዝጊያ ራስ ጋር የሚያገናኘው አንድ አጭርና ጠንካራ ሞላ ነው። ጠመንጃው ሲተኮስ አካሉ ሁሉ ወደኋላ ይገፋል፤ ይህ ከባድ ክፍል ግን በኢነርሺያው ባለበት ይቆያል። ከላይ በሰጠነው ስሌት መሠረት ፍሬው 70 ሴንቲ ሜትር ቱቦ አቋርጦ እስኪወጣ ድረስ ጠመንጃው 7 ሚሊ ሜትር ያህል ወደኋላ ይሄዳል። ሞላው በመካከል ይጨመቃል። ጠመንጃው በትከሻ ሲታገድና ሲዘገይ ሞላው ይለጠጣል፤ ከባዱን ክፍል ወደኋላ ይወረውራል፤ ራሱን አዙሮ ቁልፉን ይከፍታል። እስከዚያ ድረስ በቱቦው ያለው ግፊት በርዷል። ቀዳዳ የለም፤ ፒስተን የለም፤ ጥቀርሻውም ከጋዙ ጋር በአፈሙዙ ይወጣል።

ነገር ግን ይህ ዘዴ ለመሥራት ጠመንጃው መራገጥ አለበት። አዳኙ በጠመንጃው ላይ ማነጣጠሪያ መነጽር፣ መብራትና የጥይት መያዣ ደርድሮበት ክብደቱ ከ3.2 ወደ 4 ኪሎ ግራም ቢደርስ የርግጫው ፍጥነት ከ4.6 ወደ 3.7 ሜትር በሰከንድ ይወርዳል። የሞላው ኢነርጂ በፍጥነቱ ካሬ ስለሚወሰን 36 በመቶ ያህል ይቀንሳል። በዚያ ላይ 24 ግራም ፍሬ ያለው ቀላል ጥይት ቢጨመርበት ሞላው የሚያገኘው ከመጀመሪያው 40 በመቶ ገደማ ብቻ ነው፤ መዝጊያውም በግማሽ መንገድ ቢቀር ሊያስደንቀን አይገባም። ተኳሹ ሰደፉን ግድግዳ ላይ አስደግፎ ቢተኩስም እንዲሁ ነው። ሰዎች «ጠመንጃዬ ተበላሸ» የሚሉት ያልተበላሸውን ነው፤ የሚፈልገውን ርግጫ የከለከሉት እነርሱው ናቸው።

እንግዲህ የትኛው ይሻላል? በአንድ ቀን በርካታ ጥይት ለሚተኩስና ትከሻው ለሚደክመው ሰው የጋዙ ይስማማዋል። በጭቃና በውሃ መካከል ለሚውልና ጽዳት ለሚታክተው የኢነርሺያው። ረጅሙ ርግጫ፣ የብራውኒንጉ፣ በሥራው ውበት ከማንም አያንስም፤ ይሁን እንጂ የሚንቀሳቀሰው ብረት ብዙ ስለሆነ ትከሻ ላይ ሁለት ጊዜ የመምታት ያህል ይሰማል።

ከሁሉ የበለጠው ለውጥ

እስካሁን የተናገርነው ስለ ጠመንጃው ነው። ባለፈው ግማሽ መቶ ዓመት በወፍ አደን ላይ የደረሰው ትልቁ ለውጥ ግን ከጠመንጃው ውስጥ ሳይሆን ከቀለሁ ውስጥ ነው።

በ32 ግራም ውስጥ 3.3 ሚሊ ሜትር ዲያሜትር ያላቸው 150 ያህል የእርሳስ ፍሬዎች አሉ። አብዛኞቹ ወፉን አያገኙትም፤ ረግረጉ ውስጥ ይወድቃሉ። አንድ አዳኝ በቀን 20 ጊዜ ቢተኩስ 3,000 ፍሬ ይዘራል ማለት ነው። ዳክዬዎች ጥርስ ስለሌላቸው እህል የሚፈጩት በጡንቻማው ሁለተኛ ጨጓራቸው፣ በሚውጡት ጠጠር እገዛ ነው። የእርሳሱን ፍሬ ከጠጠር ወይም ከዘር አይለዩትም። በጨጓራው ውስጥ ፍሬው ይፈጫል፤ አሲዱም ያሟሟዋል፤ እርሳሱ ወደ ደም ይገባል። ነርቭና ጡንቻ ይደክማል፤ ጨጓራው ራሱ መፍጨት ያቆማል። ወፉ ምግብ በጨጓራው ሳለ በረሃብ መንምኖ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይሞታል።

ነገሩ አዲስ ግኝት አይደለም። ጆርጅ በርድ ግሪኔል እ.ኤ.አ. በ1894 ጽፎበታል። እ.ኤ.አ. በ1959 የኢሊኖይ ተመራማሪው ፍራንክ ቤልሮዝ ከሰሜን አሜሪካ የውሃ ወፎች ከ2 እስከ 3 በመቶ የሚሆኑት በየዓመቱ በዚህ መንገድ እንደሚሞቱ ገመተ። አሜሪካ በውሃ ወፎች አደን ላይ እርሳስን በአገር አቀፍ ደረጃ ሙሉ በሙሉ የከለከለችው ግን እ.ኤ.አ. በ1991 ነው፤ ከግሪኔል ጽሑፍ ወዲህ 97 ዓመታት አልፈው ነበር። ዴንማርክ እ.ኤ.አ. በ1996 ለማንኛውም አደን ከለከለች፤ የአውሮፓ ኅብረት በረግረጋማ ቦታዎችና በ100 ሜትር ዙሪያቸው ያወጣው ክልከላ እ.ኤ.አ. ከየካቲት 2023 ጀምሮ ሥራ ላይ ውሏል። ክልከላው ፍሬ አፍርቷል፤ እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመ ጥናት በሚሲሲፒ የበረራ መስመር በእርሳስ የሚሞቱት አረንጓዴ ራስ ዳክዬዎች 64 በመቶ እንደቀነሱ አሳይቷል።

ጉዳዩ ከእኛም የራቀ አይደለም። በአውሮፓና በእስያ ክረምት ሲገባ በርካታ የዳክዬ ዝርያዎች ወደ ዝዋይና ወደ ሌሎች የስምጥ ሸለቆ ሐይቆቻችን ይመጣሉ፤ በጉዟቸው ያረፉበት ረግረግ ሁሉ ያለው ፍሬ ይመለከታቸዋል። የአፍሪካና የዩራሲያ ስደተኛ የውሃ ወፎች ስምምነት ገና ሲረቀቅ የእርሳስ ፍሬ ከረግረግ እንዲወጣ የጠየቀው ለዚህ ነው፤ ኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. በ2010 አባል ሆናለች።

እርሳስ ሲከለከል አዳኞች ወደ ብረት ዞሩ፤ ፊዚክሱም ተለወጠ። የብረት እፍግታ 7.86 ብቻ ነው። በአየር ውስጥ የሚጓዝን ፍሬ የሚያዘገየው የአየር መቋቋም ከስፋቱ ጋር፣ ማለትም ከሬዲየሱ ካሬ ጋር፣ ያድጋል፤ መጠነ ቁሱ ግን ከእፍግታውና ከሬዲየሱ ኩብ ጋር። አንዱን ለሌላው ብናካፍል ፍሬው የሚዘገይበት መጠን ከእፍግታና ከሬዲየስ ብዜት ጋር በተቃራኒው እንደሚሄድ እናገኛለን። ስለዚህ የብረት ፍሬ ከእርሳሱ እኩል እንዲጓዝ 1.44 እጥፍ ሊሰፋ፣ ወደ 4.8 ሚሊ ሜትር ሊደርስ ይገባል። ያን ጊዜ ግን በ32 ግራም ውስጥ የሚገቡት 72 ያህል ብቻ ይሆናሉ፤ ወፍ በመካከላቸው ያልፋል። አዳኞች መካከለኛውን መንገድ መረጡ፤ ፍሬውን ሁለት ቁጥር ብቻ ከፍ አድርገው 3.8 ሚሊ ሜትር አደረጉት። ይህ ፍሬ 0.23 ግራም ይመዝናል፤ የእርሳሱ 0.21 ነበር። ብዛቱ 140 ገደማ ነው። ይሁን እንጂ ፍጥነቱን ከእርሳሱ በአንድ አራተኛ ያህል ይበልጥ ቶሎ ያጣል። ስለዚህ ከብረት ጋር መጀመሪያ መለወጥ ያለበት የአዳኙ ትዕግሥት ነው፤ ወፉ እስኪቀርብ መጠበቅ አለበት።

ሁለተኛው የሚለወጠው ቾክ የሚባለው የአፈሙዝ ማጥበቢያ ነው። ሙሉው ቾክ አፈሙዙን አንድ ሚሊ ሜትር ያህል አጥብቦ፣ ከእርሳስ ፍሬዎች 70 በመቶ የሚሆኑትን በ36.6 ሜትር ርቀት በ76 ሴንቲ ሜትር ክብ ውስጥ ያሳርፋል። ፍሬው በቱቦው ውስጥ ሲፈጥን በአማካይ ከመሬት ስበት 11 ሺህ ጊዜ በላይ የሚሆን ግፊያ ይደርስበታል፤ ከታች ያሉት የእርሳስ ፍሬዎች በላያቸው ባለው ክብደት ይጨፈለቃሉ፤ የተጨፈለቀ ፍሬ ደግሞ ከመንገዱ ይወጣል። ብረት ግን አይጨፈለቅም። ክብነቱን ጠብቆ ስለሚሄድ ልል በሆነ ቾክም ተሰብስቦ ይመታል፤ በሙሉው ቾክ ሲያልፍ ደግሞ እምቢ ብሎ አፈሙዙን ሊያሳብጥ ይችላል። ሠሪው ኩባንያ ራሱ በቤልጅየም በተሠሩ የአውቶ-5 ቱቦዎች ብረት እንዳይተኮስ ያስጠነቅቃል፤ ለእነርሱ ተለዋጭ ቾክ ያለው አዲስ ቱቦ መግጠም ይቻላል።

ሌላው አስገዳጅ ለውጥ ከሁሉም ቀላሉ ነው፤ በካዝናው ቱቦ ውስጥ የሚገባ የእንጨት ዘንግ። በ1930ዎቹ ድርቅ የሰሜን አሜሪካ ዳክዬዎች ቁጥር ክፉኛ ባሽቆለቆለ ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1935 የወጣው ደንብ ተሻጋሪ ወፎችን የሚያድን ጠመንጃ ከሦስት ጥይት በላይ እንዳይዝ አዘዘ። ብራውኒንግ «5» ብሎ የሰየመው ጠመንጃ በአንዲት እንጨት ወደ ሦስት ወረደ።

የእፍግታን ቀመር የያዘ አንባቢ ለሌሎች ብረቶችም ሊሞክረው ይችላል። ቢስሙዝ እፍግታው 9.78 ነው፤ ከ3.3 ሚሊ ሜትር እርሳስ ጋር እኩል ለመጓዝ 3.8 ሚሊ ሜትር ይበቃዋል፤ ለስላሳ ስለሆነም ለአሮጌ ቱቦዎች ይመረጣል። ከተንግስተን የሚሠራው ፍሬ እፍግታው ወደ 18 ይደርሳል፤ ስሌቱ 2.1 ሚሊ ሜትር ይሰጣል። አሜሪካውያን የዱር ቱርክ አዳኞች በእርግጥም 2 ሚሊ ሜትር ያህል የሆነውን ይጠቀማሉ፤ በ32 ግራም ውስጥ 400 ያህል ፍሬ ይገባል፤ የአንዱ ጥይት ዋጋ ግን ብዙ ዶላር ነው።